ጣት ያያል

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲጨርስ፣
ታክሲው «መጨረሻ!» ብሎ ፊቱን ሲመልስ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ጭቃ መሃል ባለች ጤና ጣቢያ
ተረኛ ነኝ፤ እስኪነጋ ድረስ።

የግሉኮስ መስቀያው ከተሰበረ ዓመት አለፈው፤
ከረጢቱን ሚስማር ላይ ነው የምንሰቅለው።
ክንድ የምናስርበት ጎማም አልቋል፤
ጓንት እንቋጥራለን፤
አምስት ባዶ ጣት በሰው ክንድ ላይ ይንጠለጠላል።

ሲስተር አስካለ ጡረታ ወጥታለች።
ድምጿ ግን አልወጣም፤ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ቀርቷል፦
«ደም ስር በዓይን አይፈለግም፤ ዓይን ይዋሻል፤ ጣት ያያል።
አሳርፊው፣ ተጫኚ፣ ልቀቂ፤
መልሶ የሚገፋሽን፣ እሱን ጠብቂ።
እንደ ገመድ የደረቀውን እለፊ፤
ከእጅ ጀርባ ጀምሪ፣ ላይኛውን ለነገ አትርፊ።
ሁለቴ ከሳትሽ መርፌሽን አስቀምጪና ሰው ጥሪ፤
ኩራትሽን በታማሚ ክንድ አታስተምሪ።»

ዛሬ ማታ የመጡት ኦቦ ደቻሳ ናቸው፣
የብሎክ አርባ ሁለት ዘበኛ፤
የሌሊት ብርድ ሳንባቸውን ይዞ፣ ሳል እንቅልፍ የነሳቸው።
እጃቸው ሞፈር የጨበጠ እጅ ነው፤
ደም ስሩ ወፍራም፣ ግን ሸሺ፤ ስነካው ወደ ጎን የሚል፣
መርፌ ከሩቅ እንደሚያውቅ ሁሉ።
ሳትኩ።
አላጉረመረሙም። ጣሪያውን እያዩ
«ኢንታላ ኮ» አሉ፣ «ይሄ አልጋ የቆመበት የእኔ ጤፍ ነበር።
ወይፈንም እንዲህ ነው፤ ከኋላ ብታባርሪው ይሸሻል፤
ገመዱን ከታች ወጥረሽ ያዢው፣ ይቆማል።»

ቆዳቸውን ከታች ወጠርኩ። ዝቅ ብዬ፣ ቀስ ብዬ ገባሁ።
በካኑላው ጓዳ ቀይ ብልጭ አለች፣
ሩቅ መንደር ውስጥ አንድ ቤት መብራት እንዳበራ።

«የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»
«የማይስማማኝ የመሬት ካርታ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ፤
ሳቁ ሳል ሆነ።
ሴፍትሪያክሶኑን በጥብጬ ሳላይኑ ውስጥ ጨመርኩ፤
ጠብታውን በሰዓቴ ቆጠርኩ።

አራተኛው ደቂቃ ላይ መዳፋቸውን አከኩ።
መዳፍ! ትንኝ የማይነክሰው ቦታ።
ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደገሙ።
«አንድ ነገር መጣብኝ» አሉ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም።
ሽፍታው ገና አልወጣም፣ ከንፈራቸውም አላበጠም፤
ሲስተር አስካለ ግን ከመደርደሪያው ኋላ ብድግ ብላለች፦
«እስኪያብጥ ትጠብቂያለሽ? ዝጊው!
መድኃኒቱን ዝጊ፣ መንገዱን አትንቀዪ፤
በሩን ከነቀልሽ በምን ትገቢያለሽ?»

ዘጋሁ። መድኃኒቱ የነካውን ቱቦ ፈትቼ ሌላ ቀጠልኩ።
አድሬናሊን፣ ግማሽ ሚሊ፤
ደም ስር ላይ አይደለም፤ ጭን ላይ፣ ከነሱሪያቸው።
ያን ጊዜ መብራት ሄደ።
የጽዳቷ ሹምነሽ ስልኳን አበራች፤
በአንድ እጇ ብርሃን፣ በሌላው የኦቦ ደቻሳን እግር ወደ ላይ።
ግፊታቸው ላይኛው ሰባ፤ ታችኛውን አልሰማሁም።
አዲሱ ሳላይን ይንዶለዶላል፤ ሚስማሩ ይንገዳገዳል።
አምቡላንሱ «ጭቃው ጋ ነን» ይላል።
አምስት ደቂቃ ስንት ጠብታ ነው? አልቆጠርኩም።
ሁለተኛውን ወጋሁ።

ዘጠና።
ከዚያ መቶ።
«ዘነበ እንዴ?» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው፣
በስልኩ ብርሃን የጠብታውን ጥላ ግድግዳ ላይ እያዩ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ጉሮሯቸው ተከፍቷል።
«ሲሻላቸው ‹ልሂድ› ይላሉ» አልኩት ነርሱን፣ «እንዳትለቃቸው፤
የሄደ የመሰለ ይመለሳል።»
ካርዳቸው ላይ የመድኃኒቱን ስም በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦
«የትም ቢሄዱ ያሳዩት፣ ባይጠይቁዎትም።»
ከደረት ኪሳቸው ፌስታል አወጡ፤
ውስጡ በአባታቸው ስም የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ፣ እጥፋቱ ያለቀ።
ካርዱን ከደረሰኙ ጎን ከተቱ፤
«የማይስማሙኝ ሁለት ሆኑ» አሉ፤ አሁን ግን አልሳቁም።

ሲነጋ ጓንቷን ፈትቼ ጣልኩ። ሹምነሽ ወለሉን ወለወለች።
አልጋውን ሳነጥፍ ጎንበስ አልኩና
ጣቴን ሲሚንቶው ላይ አሳረፍኩ፤
ተጫንኩ፣ ለቀቅኩ፣
ጠበቅኩ።