የእርሳሱ ጥቁር

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከክር ፋብሪካው ሥር፣
ፎቶ ቤት ነበረን፤
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ መጋረጃው የባሕር።
ጌታዬ ያነሣል፣ እኔ አሳምራለሁ፣
በቀጭን እርሳሴ
ፊት አስተካክላለሁ።
የፈንጣጣ ጠባሳ፣ የማድያት ጥላ፣
ሌሊት ያበጠ ዐይን፣ በልቅሶ የቀላ፣
ሁሉም በእኔ ጣት ሥር ድኖ ይወጣ ነበር፣
ሐኪም ያልደፈረው፣ ቅባት ያልፈታው ነገር።

ሥራው እንዲህ ነው፦
ፊልም ላይ ዓለሙ ተገልብጦ ያድራል፣
ጠጉር በረዶ ነው፣ ጥርስ ከሰል ይመስላል።
እርሳስ ያጠቆረው፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ፣
ፈክቶ ነው የሚወጣ፣ እንደ ነጣ ሰፈፍ።

ዘርፈሽዋል ቶሎሳ ቅዳሜ ነው የመጣች፣
ከሌሊት ፈረቃ፣
የጥጥ ብናኝ በሹሩባዋ ላይ፣ እየተጣደፈች።
ከክር ማሽን ተነሥታ ምክር ቤት ልትገባ
የምትወዳደር ሴት፤
ከእሷ በፊት በእኛ ሰፈር ማንም ያላሰባት።
ምልክቷ ቀሰም ነው፤ የደገፋት ፊርማ
ሁሉም የአውራ ጣት።

ወንበሩን አሳየናት።
«ዐሥር ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራ፣
ቆሜ አንሡኝ» አለች፣
የተሳለውን መርከብ፣ ከነባንዲራው፣ ከነሸራ፣
በትከሻዋ ከለለች።

ጌታዬ ጆሮዬ ላይ፣ «ቀላ አድርጋት» አለኝ፣
«ግንባሯንም ፍታው፣
የተቆጣች ሴት ፊት ማንም አይመርጥልኝ።»
አቀላኋት። በእርሳስ ባጠቆርኳት ቁጥር
ቀይ ዳማ ሆነች፤
የማላውቃት እመቤት፣ የሌላ ሰው አገር።

ማክሰኞ መጣች። አየችው። ጀርባውን ገለበጠች፣
ዕቃ እንደ ጠፋባት ሁሉ ፈለገች።
«ይቺ ሴት ማናት?» አለች፣ «ልጄ ናት ወይስ እኅቴ?
እኔ እኮ ጥቁር ነኝ፤
ጠቁሬ ነው የኖርኩት፣ እንዲሁ ናት እናቴ።
ክር ቤት ያሉ ሴቶች ይቺን አያውቋትም፣
ላላወቁት ፊት ደግሞ ጣት አይነክሩለትም።»

ጥጥ አኳራጅ ነክሬ ፊልሙን ጠረግሁት፣
ያበደርኳትን ቅላት
ከላይዋ ገፈፍኩት።
አንገቷ፣ ከዚያ ጉንጯ፣ ጥቁረቷ መጣ፣
እንደ አቃቂ ዋልካ፣ ዝናብ እንደ ጠጣ።

ግን አንዲት መስመር ቀረች። ዛሬ ልናገራት፤
በቅንድቦቿ መሐል፣ ሽቅብ የቆመች ስንጥቅ፣
ጥጤን አላስነካኋት።
ጌታዬን ፈርቼ አይደለም። ወጣት ነበርኩ፤
ቁጡ ሴት አልወድም፤
ለራሴ ብዬ ነው እያየሁ ያለፍኩ።

ቸኩላ ነበር፤ አላየችም። ሃምሳውን ተቀበለች፣
ወፍጮ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ የፋብሪካው በር ላይ፣
በዱቄት ሙጫ፣ በገዛ እጇ ለጠፈች።

ተመረጠችም። ስለ ሌሊት ፈረቃ፣ ስለ አራስ ደመወዝ
ስትናገር ይስቃሉ አሉ፤
እሷ ግንባሯን ቋጥራ፣ ሣቁ ራሱ አፍሮ እስኪፈዝ
ትጠብቃለች አሉ።

በኋላ ዘመን ዞረ፤ ምክር ቤቱም ተዘጋ፣
እሷ ወደ ማሽኗ፤
እኔ ሣጥኑን አልጋ ሥር፣ ማንም ሳይሰማ፣ ሳያወጋ።

ዘንድሮ ፎቶ ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ በሩን ቀይ ቀለም ቀብተውታል።
በወረዳው አዳራሽ ግን ምስሏ ጎልቶ ተሰቅሏል፤
የሚያስጎበኘው ልጅ፣
«እጅግ ደርባባ፣ ትዕግሥተኛ ነበሩ» ይላል።
አቀርቅሬ ወጣሁ። ያቺን ትዕግሥት የሠራኋት እኔ ነኝ፣
ሃምሳ ሳንቲም ተከፍሎኝ።

ትናንት አንዲት ልጅ መጣች፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፤
«የአያቴ ፎቶ ካለዎት ብዬ ነው፤
እዚያ ያለው እሷን አይመስልም።
ስንት ነው?» አለች። «በነጻ» ስላት ግንባሯ ተቋጠረ፤
ያቺው ስንጥቅ ናት፣ ሽቅብ፣
ጥጤ የሸሻት፣ እጄ የቀበረ።

ከሣጥኑ አንድ ካርድ አወጣሁ፣
እርሳሴን ቀረጽሁ።
እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጥቀጥ፣ ግድ የለው፤
ፊልም አይደለም ይኸ፤
ወረቀት ላይ ጥቁር ጥቁር ነው።