መስኮት ቁጥር አራት

ድሬዳዋ፤ ግንቦት፤ ስድስት ሳይሆን ገና፣
ማራገቢያው ቆሟል፣ መብራት ሄዷልና።
መስኮት ቁጥር አራት፣ የድኅረ ምረቃ፣
"የተማሪዎች ድጋፍ" — ቀለሙ የነቃ።
እኔ ነኝ ከውስጡ፣ ማኅተም ጠባቂ፣
የሰው ጉድለት ሰሚ፣ ማስረጃ ጠያቂ።

ረምላ ዩስፍ መጣች፣ ጫማዋ አሸዋ፣
የዶክትሬት ዕጩ፣ ከነማስታወሻዋ።
ሦስት ዓመት የለካች ውሃ የሌለው ወንዝ፣
አማካሪዋ በስልክ፣ ምክሩ ሁሉ ትእዛዝ።

ማመልከቻዋ አጭር፦
"ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ደቻቱ ላይ የተከልሁትን መለኪያ
ጎርፉ ነቅሎ ወሰደው።
ምትክ መግዣ ይፈቀድልኝ።
የአራት ወር አበል እንዳልደረሰኝም ይታወቅልኝ።"

መመሪያውን ገለጥሁ፤ አንቀጽ ዐሥራ ሁለት፣
ንብረት ለጠፋበት ይጠይቃል ወረቀት።
"ከፖሊስ አምጪ" አልኋት፣ "ተሰረቀ የሚል ጽሑፍ።"
"ሌባው ማን ይባላል?" አለችኝ። "ልበል ጎርፍ?"

አልሳቅሁም። ሕግ ነው። ቀጣዩን ጠራሁ፦
ቀን ማስተርስ ተማሪ፣ ማታ ባጃጅ ነጂ፣
ቁልፉን እያሽከረከረ "ቶሎ ይበሉ እንጂ!"
እጇ ካረፈበት፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ
ጥቂት አሸዋ ቀርቷል፣ ሲያብረቀርቅ ከፀሐይ።

ማታ ከከዚራ ወደ መጋላ ስሻገር
አየኋት ከድልድዩ ሥር፣ ከአሸዋ ጫኚው ጋር።
ሜትሩን ይዞላታል፣ ጉሌድ የሚሉት፤
እሷ በድጋፉ ግንብ፣ ጭቃው በደረቀበት፣
በኖራ ትጽፋለች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁመት።
"እስከዚህ ነው የመጣ" ይላል በአካፋው እጀታ፣
"ሁለቱን ፍየሌን የወሰደብኝ ማታ።"

ይህም ግንብ ድጋፍ፤ ያም ድጋፍ፣ የእኔ ቢሮ፤
ይህ ውሃ ይመልሳል፣
ያ ሰው ይመልሳል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ።

በማግሥቱ፣ የፖሊሱ ጽሑፍ ሊገባ በሚገባው ቦታ
በእጄ ጻፍሁ፦ "ግንቡን አይቻለሁ።
ሁለት ሜትር ከአርባ። ምስክሩ እኔ ነኝ።"
ፈረምሁ። መታሁ ማኅተም።
ፋይናንስ ይቀበል እንደሆን አላውቅም።
የአራት ወሩ አበል ግን ከእኔ እጅ የለም፤
ይህንንም ነገርኋት።
"አውቃለሁ" አለች። ሄደች።

ዘበኛው ኢብሳ ነው የነገረኝ ኋላ፣
"አሸዋ ማለት እኮ ነው፣ በዓረብኛ፣ ረምላ።"

የመስኮቱን ደፍ እስካሁን አልጠረግሁም።
ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ በደንገጎ በኩል፣
ሰማዩ ጠቆረ።
የማመልከቻ ጀርባ አገላበጥሁና
ሰዓቱን ጻፍሁ፦
ዘጠኝ ከሩብ።