ወራጅ አለ

ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ጎህ ገና ሳይቀድ፣
ጥሪ ይቀድማል፣ ጎማው ሳይነካ መንገድ።
«ባቲ ባቲ ባቲ!» ይላል አንዱ ጎርናና፣
«ሐይቅ! ውጫሌ! ሐይቅ!» ሌላው በቀጭን ቃና፣
«ደሴ በሐረጎ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀረና!»
በዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል መንገደኛው ያልፋል፤
የሚሄድበትን ስም ሲሰማ ብቻ አንገቱ ይዞራል።

እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ላቦራቶሪ ነው ሥራዬ፤
ማይክሮስኮፕ ላይ ጎበጠ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ትከሻዬ።
የሰው ምስጢር የማየው በብልቃጥ ነው፣ በጠብታ፤
ጎረቤቴን የማውቀው በሆዱ ነው፣ ቀድሞ ከሰላምታ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ቦርከና ድልድዩን ሲታከክ፣
የቧንቧችን ውሃ መልኩ ሻይ ሲሆን፣
እህቴ ሉባባ በባጃጅ መጣች፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፤
ዓይኗ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ክርር።
በብልቃጧ ላይ ስሟን ስጽፍ አንዷን «ባ» ዘለልኩ።
ሉባ ሆነች።
መለስኩና ሞላኋት።

ሦስት ሌሊት ጉሉኮስ። ዳነች። «አለፈ» አልን እኛ።
ገላዋ ግን አላለፈውም፤ ገላ አይደለም ረስቶ የሚተኛ።
አንጀቷ ግድግዳ ላይ፣ በትንንሽ ጓዳዎች፣
የዚያን ክፉ መልክ ያጠኑ ሕዋሶች ነበሩ፤
ተምረው ሲጨርሱ በሊምፍ ቦይ ወጡ፣ ደም ውስጥ ተበተኑ።
ደም ሰፊ ጎዳና ነው፤ ታፔላ የለው፣ ትራፊክ የለው፤
ልብ ሁሉንም እኩል ይገፋል፤ ለልብ ሁሉም ጭነት ነው።
ታዲያ ማን ነገራቸው የት እንደሚወርዱ?

የሚጠራቸው አለ። ስሱ ገላ፣ እርጥቡ ገላ ይጠራል፤
በአፍ አይደለም፤ በቅመም ነው፣ ከቅንጣት ጨው ባነሰ።
ኬሞካይን ይለዋል የተማርኩበት ደብተር፤
እኔ ወያላ እለዋለሁ፣ ጆሮዬ ስለ ለመደ።
ትንሹ አንጀት በራሱ ስም ይጣራል፤
ትልቁ አንጀት፣ የምራቅ ዕጢው፣ የሳንባው ቧንቧ በሌላ።
ሕዋሱም ቆዳው ላይ ጆሮ አብቅሏል፣ ለአንዲት ጥሪ የተበጀ።
ጥሪ አክባሪ ነው፤
ቃናዋን ሲሰማ በደም ሥሩ ጠርዝ ይንከባለላል፣
ይዘገያል፣ ይጣበቃል፣
«ወራጅ አለ!» ይላል።

ጡት ግን ዝም ያለ ፌርማታ ነበር፣ ስንት ዓመት።
መስከረም ላይ ሉባባ ስትወልድ
እዚያም አንድ ጠሪ ተነሣ፤ ድምፁ የትልቁን አንጀት ድምፅ።
የቦርከናን ክፉ የሚያውቁት ሰሙ። ዞሩ። ወረዱ።
ከወተቱ ዳር ሰፍረው ፀረ እንግዳ አካል ይፈትሉ ጀመር፣ ጥንድ ጥንዱን፤
እሱም ከወተት ጋር ይወርዳል፤ አይገድልም፤
የጠላትን እጅ ይዞ «አታልፍም» ይላል እንጂ።

ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ ከሰፈራችን አሥራ አንድ ብልቃጥ መጣ።
አሥራ ሁለተኛው ላይ የኑርዬን ስም ጻፍኩ፣
እናቱ «ካላየህልኝ አልሄድም» ብላ፤
ፊደል ሳልዘልል።
«ምን አየህ?»
«ምንም።»
በእኛ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም።

ዕድል ይሆናል። ውሃ ማፍላት ስለ ጀመረችም ይሆናል።
ማይክሮስኮፔ ጥሪን አያሳይም፤
የተጠሩትንም ቢሆን በጭንቅ።

ሰኞ አማቷ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ፣ በባቲው ሚኒባስ፤
ገበያተኛው ጠቅጥቆን፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ በግ እግሬ ሥር።
ኑርዬ በሻሿ ተከልሎ ይጠባል፣
አውራ ጣቴን በአንድ እጁ ጨብጦ።
ገርባ ስንደርስ ሉባባ፣ ልጁ እንዳይነቃ፣ በሹክሹክታ
«ወራጅ አለ» አለች።
ሹፌሩ የሰማ አልመሰለኝም።
ፍሬኑ ግን ያዘ።