ሁለት ቆፋሪዎች

ቢቶም ከተማ ላይ፣ ከትራም ማቆሚያው ጥቂት ወረድ ብሎ፣
ሱቄ ከደረጃ ሥር ተቀምጧል፣ አንገቱን አዘንብሎ።
የምሸጠው ሁሉ ያገለገለ ነው፤ ሽቦ፣ ብሎን፣ ካርድ፣
አንዱ ኮምፒውተር ሲሞት ለሌላው የሚማገድ።
ኅዳር ነበር፤ በረዶው ከጭስ ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ፣
አሎይዚ ገባ፤ የትምህርት ቤት ጓዴ፤ ሳጥኑን ታቅፎ፣
ኪሱ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ተጠቅልሎ አርፎ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል የቆፈረ፣
ሲያበቃ ሳሉን ብቻ ይዞ ብርሃን ላይ የቀረ።

"ካሊና በርገን ናት" አለኝ፤ "የልጅ ልጄ፤ ከእናቷ ጋራ።
ማታ ማታ አብረን እንጫወታለን፣ አንድ ዓለም ስንሠራ።
እሷ ስትሮጥ እኔ እንደ ፎቶ አልበም ገጽ በገጽ እሄዳለሁ፤
ዞር ስል የለችም፤ እኔ ገና ግድግዳ አያለሁ።"
ሁለት መቶ ሰባ ዝሎቲ ቆጠረ፣ ሳንቲሙም ሳይቀር፤
"የቀረው የመድኃኒት ነው" አለ፣ ሊያስረዳኝ ሲሞክር።

ሳጥኑን ከፈትነው።
አሥራ ሦስት ዓመቱ፤ አቧራው ተነጥፎ፣ ማራገቢያውን ጠልፎ።
ጎንበስ ብሎ አሸተተው። "አየር መግቢያው ታፍኗል" አለ፤
"እንዲህ ባለ ጉድጓድ ሰው አይወርድም፣ አለቃ ካለ።"

በብሩሽ ጠረግነው። ከዚያ ነጋዴነቴ ተነሣብኝና
ከላይኛው መደርደሪያ ባለ ሦስት ማራገቢያውን አወረድኩና፦
"ይኸ ግሥላ ነው፤ አዲሱ የወር ጡረታህን ይበላ ነበር፤
ለአንተ በሁለት መቶ ሃምሳ" አልኩት፣ ምላሴ እንደ ማር።
"እንዴት ረከሰ?"
"እሱም እንዳንተ ቆፋሪ ነበር" አልኩ፣ እየሳቅኩ፤
ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በቀልዴ ተያዝኩ።
"ምን ቆፈረ?" "ቁጥር።" "ስንት ጊዜ?" "ሁለት ዓመት፣ ቀንና ሌሊት፣
መጋዘን ውስጥ፣ ከመቶ ወንድሞቹ ጋር፣ ያለ ዕረፍት።"
ማራገቢያውን በጣቱ ጫፍ በቀስታ አዞረው፤
አንዷ ክንፍ ተንቀጫቀጨች፤ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠው።
"ሳንባው አልቋል" አለ፤ ራሱም ሳለ፤ ረጅም፣ ደረቅ ሳል።
"ጡረታ አውጣው። እንደገና ጉድጓድ መላክ ነውር ይሆናል።"

አፈርኩ። ያኔ ነው እውነቱን የነገርኩት፦
ሦስት መቶ ዋት ነው የኃይል ሳጥኑ፤ ያውም ዕድሜ ጠገብ፣
ተጨማሪ መሰኪያ የለው፤ ግሥላ በድርቆሽ አይቀለብ።
ፕሮሰሰሩም አርጅቷል፤ ካርዱ ብቻውን ቢጋልብ፣
የሚያቀብለው ከሌለ ቆሞ ነው የሚያዛጋ፤
ለማያርስ ጉልበት ሰው ለምን ይከፍላል ዋጋ?

ከመሳቢያ ትንሿን አወጣሁ፤ አንድ ማራገቢያ፣ የመዳፍ ያህል፣
ከዋናው ሰሌዳ የምትጠባ፣ ሌላ ሽቦ የማትል፤
አራት ጊጋ፤ ጌጥ የላት፣ የሚያብለጨልጭ መብራት የላት፣
ከቢሮ የወጣች፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነው የነዳት።
ሜትሩን ዘረጋ፤ አሥራ ሰባት ሴንቲ፤ ሁለቴ ለካ፤
"ትገባለች" አለ፣ ጎኗን በአውራ ጣቱ እየነካካ።
"በቅሎ ናት እንጂ ግሥላ አይደለችም።"
"ደግ። አያቴ ጉድጓድ ውስጥ ፈረስ ነድቷል፤
ከፈጣኑ ይልቅ የማይደነብረው ብዙ ቀን ወጥቷል።"

መቶ ሰማንያ ከፈለ። ሄደ።

በማግሥቱ መጣ፣ የስክሪኑን ገመድ ይዞ፤
ሰማያዊ ጫፍ፣ ባለ አሥራ አምስት እሾህ፤ ፊቱ ፈዝዞ።
"የሚገባበት ቀዳዳ የለም።"
ኃይሉን፣ ቁመቱን፣ ሳንባውን ስንመረምር ውለን፣
ዓይኑ በምን እንደሚያይ ሁለታችንም ረስተን!
መቀየሪያ ፈልጌ በነፃ ሰጠሁት፤
እምቢ ብሎ አሥር ዝሎቲ ወረወረ፤ ተቀበልኩት።

ግሥላው አሁንም አለ። ዋጋውን ፍቄ ጻፍኩበት፦
"ቆፋሪ ነበር፤ ሳንባው ታሟል።" ጠያቂ የለበት።

የካቲት ላይ አሎይዚ ሳይገዛ ገባ፤ እጁን ምድጃው ላይ ዘርግቶ፦
"ዋሻ እየቆፈረች ነው። አሁን እደርስባታለሁ። 'ቆይ' እላታለሁ፣
'መጀመሪያ ደጋፊ እንጨት።' 'አያቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤
ጣራው አይወድቅም!' ትለኛለች።"
"ታዲያስ?"
"ታዲያማ እሷ ትሮጣለች።
እኔ ከኋላዋ፣ አንድ በአንድ፣ እንጨት አቆማለሁ።"