ብረት በኪሎ

ኮምቦልቻ ነው ቤቴ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ግቢዬ ሙሉ ነው፣ ቡሎንና ዳዶ፤
ቁራሌው ሲለቅም ውሎ የሚያመጣው
በሚዛን ይገባል፣ በሚዛን ነው የሚወጣው።
የሐኪም ቤት አልጋ፣ የወፍጮ ቤት ጥርስ፣
ሁሉም ያው ኪሎ ነው፣ ዓርብ እስኪደርስ።
ዓርብ ይመጣል ካሚዮኑ፣
ይጭናል፣ ይወስዳል፣ ይቀልጣል በቀኑ።

ታዲያ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣
ሦስት ሰዎች ወረዱ ከደሴ፣ በሐረጎ ቁልቁለት።
አንደኛው መምህር ጥጋቡ፣ ደብተር የታቀፈ፣
የድሮ ታርጋ ቁጥር ሲለቅም ዕድሜው ያለፈ፤
ሁለተኛው አራጌ፣ የሸዋ በር ልብስ ሰፊ፣
የአውቶቡስ ቲኬት ቅዳጅ በብስኩት ቆርቆሮ አቃፊ፤
ሦስተኛው ጋሽ እብሬ፣ ስምንት ጣት የቀረው ብቻ፣
የኤንትሬ ረዳት የነበረ፣ ከአሰብ ኮምቦልቻ።

«ምን ልትሸጡ ነው?» አልኳቸው።
«ልንሸጥ አይደለም፣ ልናይ።»
ዝገት ነው እንጂ፣ እዚህ ምን አለ የሚታይ?

መምህሩ ተንበረከከ፤ በጥርስ ብሩሽ ጫፍ
ጀመረ ከአንድ ኮፈን ላይ ዝገት ሊገፍ፤
አራጌ አንዲት የላንቻ ምልክት አገኘና
ጠቀለላት በገበር ጨርቅ፣ እፍ እፍ አለና፤
ጋሽ እብሬ የማርሽ ዘንግ ከክምሩ መዞ ጨበጠ፣
ቆሞ፣ አየር ላይ፣ ከሦስት ወደ ሁለት ለወጠ።
አፉም ሞተር ሆነ።
እኔ ሳቅሁ። ጫኞቹም ሳቁ።
«ኪሎው ሠላሳ ብር!» ብዬ ሚዛኑን አስጠጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ግቢው የነሱ ሆነ።
«ይህ የስልሳ ሁለት ነው»፣ «የለም፣ የስልሳ አራት!»
«መብራቱን እየው እንጂ፣ ቅንድብ ሠርተውለት!»
«ቅንድብማ በኋላ ነው የመጣው...»
በመብራት ቅንድብ ሰው ሲኳረፍ አይቼ
አላውቅም፤ የቀዘቀዘ ሻያቸውን ጠጣሁት፣ ሥራዬን ትቼ።

ባለፈው ሰኔ፣ ሐሙስ ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣
ከሐርቡ በጋሪ መጣ አንድ የኤንትሬ በር፣
ሰማያዊ፣ እጀታው የዛለ።
መዘንኩት፦ አሥራ ዘጠኝ።
ላጋድመው ስል፣ ከውስጥ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ምስማር የጫረው መስመር፣ መስመር፣ መስመር፤
አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተጋድሞበት።
ምኑም አልገባኝ።
ዓርብ ካሚዮኑ ሲመጣ ግን
በሩ ከጆንያ ሥር ነበር።
ለምን እንደሸፈነው እጄን አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ ጋሽ እብሬ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣
«የኛ መኪና አይደለም» አለ፣ «የሌላ ረዳት ነው።»
ቆየና፦
«ሁላችንም እንጭር ነበር። አሰብ ስንወርድ አንድ ጭረት፣
በደህና ስንመለስ ሌላ፣ እንዲያቋርጣት።»
ቆጠረ፤ መምህሩ ጻፈ።
አርባ ስድስት መውረድ።
አርባ አምስት መመለስ።
የመጨረሻዋ ጭረት ብቻዋን ቆማለች፣
ቀጭን፣ ቀና ያለች፣ የሚጋደምባት ያጣች።

መምህሩ እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ።
አራጌ ሜትሩን በጣቱ ሲጠመጥም፣ ሲፈታ፣
ከሐረጎ በኩል አንድ ጭነት መኪና
ፍሬኑን እያሲያሰ ሲወርድ ይሰማል።
«ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ አራጌ፣ ኪሱን እየዳበሰ።
«አልመዘንኩትም» አልኩት።

አሁን በሩ ደሴ ነው፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣
ሱሪ ሊለካ የመጣ ሁሉ ያየዋል ሲገባ።
እኔም ዓርብ ዓርብ፣ ካሚዮኑ ከመድረሱ በፊት፣
በር ካለ እገለብጣለሁ።
ከውስጥ በኩል።