ውሉ

ማኅተሙን በትንፋሽ እያሞቅሁ ነበር፣
ቀለሙ በውርጩ ረግቶ እንዳይቀር፤
መሐል ሜዳ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣
ማንያህልሻል ገባች ሰውን ሁሉ ቀድማ፤
ጠጉሩ በጉያዋ፣ እንዝርቱ በእጇ፣
ፋይሏን እንደ ሕፃን አቅፋ ከኋላ ልጇ።

ስንዱ ነው ስሟ። ሃያ ሁለት ዓመቷ።
ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ሥልጠና፤ ሞልቷል ወረቀቷ፤
የቀረን እኔ ማንበብ፣ እሷ መፈረም ነው።
እናት ግን «ቆይ» አለች። ጥያቄ አላት፤ ልስማው።

«የጥላዬን ልጅ ታውቃለህ፣ ሽታዬን?
በሌሊት አይሱዙ፣ በጣርማ በር ቁልቁል፣
ደላላው እንደ ጆንያ ጭኖ ሲያወርዳት
ውል የላት፣ ዋስ የላት፤
ሦስት ዓመት የሰው ቤት ወልውላ ስትመለስ
ደሞዟ ምን መሰለህ? አንድ ብርድ ልብስ!
ብርድ ልብስ ለመንዝ ሰው! ባና ለሚሠራ!
ዛሬም አትዞርልህ በስሟ ብትጣራ፣
ካላጨበጨብክ።
ያንተስ ወረቀት ከዚያ በምን ይሻላል?»

«ይሄማ ውል ነው» አልኳት፣ «ሁለቱ መንግሥታት
ጠረጴዛ ከብበው የተፈራረሙት።»
ጣቴን በመስመሩ እያስኬድኩ አነበብኩ፦
ፓስፖርቷን አሠሪው ነጥቆ አይዝባትም፤
ደሞዟ በስሟ ባንክ ይገባል፤
ከሳምንቱ አንዱ ቀን የራሷ ነው፤
ስልኳ ከእጇ አይወጣም፤
ኤጀንሲው ገንዘብ አስይዟል፣ ቢጎድልባት ከዚያ ይከፈላል፤
ብትታመም…
ብትሞት…
እዚህ ላይ ድምፄን ዋጥ አደረግሁ።
ስንዱ ግን «አንብበው እንጂ» አለች።
አነበብኩት።

እናቷ ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል ነው ያስቀረች፦
ውል።
እሷ የምታውቀው የልቃቂቱን ነው፤
ከጠፋ ክረምቱን ሙሉ ሲተረትሩት
የሚያከርሙትን።
ከጉያዋ አወጣች፣ ጫፉን ፈልጋ ሰጠችኝ።
«ሳበው» አለች። ሳብኩት።
ጥቁሩ ልቃቂት መዳፏ ላይ ዞረ።
«አየህ? አንተ እዚያ ስትስበው እኔን እዚህ ይሰማኛል።
ልጄ ከባሕር ማዶ ያንተን ውል ብትስበው፣
በዚህ ጫፍ ማን አለ?»

የኤምባሲውን ስልክ ጻፍኩላት። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣
ለስንቷ ጽፌዋለሁ፤
ራሴ ግን አንድም ቀን ደውዬ አላውቅም ነበር።
የዚያን ዕለት በምሳ ሰዓት ደወልኩ።
አሥራ አንድ ጊዜ ጠራ።
በአሥራ ሁለተኛው አንዲት ሴት «ሃሎ» አለች፤
እኔም የምለው ጠፋኝ፤
«ምንም አይደለም፣ ውሉ ይሠራ እንደሁ ነው» አልኩና
ዘጋሁት።

ስንዱ ፈረመች። ሄደች።
እናቷ የውሉን ቅጂ፣ አራት ቦታ አጥፋ፣
ከሹራቧ ጠርዝ ውስጥ በክር ለፈፈችው፤
እንደ ክታብ።

በሐምሌ ጉም ቢሮውን በሞላበት ሰሞን
ስልኬ ጮኸ፤ ድምፅዋ ከመታጠቢያ ቤት ነው፣
ውኃ ከፍታ፣ እንዳይሰሟት።
«ሦስት ወር አልከፈሉኝም። ፓስፖርቴን ወስደዋል።
የትኛው አንቀጽ ነበር? አንድ ጊዜ ንገረኝ።»
አንቀጹን ነገርኳት።
እኔ ለዞን ጻፍኩ፣ ዞን ለክልል ጻፈ፣ እሷ ለኤምባሲው ደወለች፣
ኤጀንሲው «እናጣራለን» አለ፤
ሳበች፣ ሳብን፣
የት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቦታ ተቋጥሮ
አርባ ቀን አልመጣ አለ።
በአርባ አንደኛው መጣ፦
ፓስፖርቷ በእጇ፣ ሌላ ቤት፣ የሁለት ወር ደሞዝ።

ማንያህልሻልን ጠርቼ የምሥራች አልኳት።
ምስጋና ስጠብቅ፣ «ሦስተኛው ወርስ?» አለች።
መልስ አልነበረኝም።
ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛዬ እግር ላይ
አንድ ክንድ የጠጉር ክር ቋጠረች፣ ጠበቅ አድርጋ፤
«ጫፉ እንዳይጠፋብህ» ብላኝ ወጣች።

ጽዳቷ ልትፈታው ስትል እከለክላታለሁ።
አንዳንዴ ማኅተሙን ሳሞቅ እግሬን ይነካኛል።
ሦስተኛው ወር ገና ነው።