አንድ ስንዝር አየር

ስሟ ዘምዘም ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት፤
ስሟ የምንጭ ሆኖ፣ ውሃ አሳመማት።

እናቷ ከድጃ ማለዳ ተነሥታ
ባልዲ ደቀነች፣ ቧንቧውን ፈትታ።
መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ሳል መጣ፤
ከዚያ ነጭ አረፋ ተፍለቅልቆ ወጣ።
«ቢራ ፋብሪካው ነው፣ ቸር ሆነልን ዛሬ!»
አለችና ሳቀች ጎረቤቷ ሽብሬ።
እያሳሳቀ ነው ውሃ ሲወስድ ሰው፤
በማግስቱ ሳቁን ጤና ጣቢያ ወረሰው።

እኔ የውሃ ቢሮ የቧንቧ ሠራተኛ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጭቃ ውስጥ የምተኛ፣
ጆሮዬን ብረት ላይ ለጥፌ እሰማለሁ፤
ቧንቧ ሲዋሽ እንኳ ባመሉ አውቀዋለሁ።

ላይኛውን ኮምቦልቻ ሁሉም ያውቀዋል፤
ጭስ አለው፣ ፊሽካ አለው፣ ቦርከና ያልፈዋል።
የታችኛው የኔ ነው፤ መንገዱ ጨለማ፤
የዛገ ብረት ካዲስ ላስቲክ ባንድ ጉድጓድ ተስማማ።
እዚያ ታች የሼኹ ቤት፣ የቄሱ ቤት፣ የጠላ ቤቱ፣ የፋብሪካው፣
ባንድ ጉሮሮ ነው የሚውጡት፤ አጥር የለም የሚለያየው።

ከከድጃ ደጅ ወጣሁ፣ በር በር አንኳኳሁ።
ከየቤቱ ቧንቧ በብርጭቆ ቀዳሁ።
ሽብሬ ጋ አረፋ፤ ተፈራ ጋ አረፋ፤
ከጋራዡ በላይ ግን አረፋው ጠፋ።
መሃል ላይ ማን አለ? የይመር እጥበት፣
ከጅቡቲ መልስ ሲኖ የሚታጠብበት።
አንድ ሰማያዊ በርሜል፣ ሳሙናና ናፍታ፤
ጎማው ውስጡ ተኝቷል፣ ቧንቧው እንደተፈታ።

«ጋሽ ይመር» አልኩት፣ «በርሜልህ ትናንት ማታ
ከድጃ ቤት ሄዷል፣ ሳይጠራ ለእራታ።»
ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መታህ መሰል!
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል
አልሰማህም እንዴ? ከላይ ነው የሚመጣ፤
ከኔ በርሜል ተነሥቶ በየት በኩል ይውጣ?»

አልተከራከርኩም። ሻይ አስመጣሁ፣ ቀሰም፤
ነከርኩና ሳብኩት። «ይኸው፣ ሽቅብ ሲያዘግም!
አየህ፣
ቧንቧም ይጠማዋል።
ትናንት ሌሊት፣ በርበሬ ወንዝ ላይ ትልቁ መስመር ፈነዳ፤
የሰፈሩ ውሃ ሁሉ ቁልቁል ነጎደ፣ ወደዚያ ተቀዳ።
ባዶ የቀረ ብረት እንደ ጨቅላ ነው አመሉ፤
ያገኘውን ይጠባል፤ ሳሙናም ቢሆን፣ ናፍታም ቢሆን፣ ለሱ ጡት ነው ሁሉ።
አፉን በርሜልህ ውስጥ ትተህለት ተኛህ፤
እሱም ጠጣ። ሲነጋ ያስመለሰው በከድጃ ባልዲ ነው፤ አንተማ ደኅና ነህ።»

ይመር ዝም አለ። ቀሰሙን ተቀበለኝ፤
ሁለት ጊዜ ሳበ። ሻዬን ጨረሰብኝ።
«ስንት ይፈጃል?» አለ። «ቫልቩ ዋጋ አለው፤
ቀስት የተቀረጸበት፣ ሂድ እንጂ ተመለስ የማያውቅ ነው።
እሱን ቢሮው ይገጥማል፤ ማመልከቻ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ምናልባት ወር።
እስከዚያ ከግድግዳው አንድ ምስማር ምታ፤
ጎማውን ስቀለው፣ ከበርሜሉ አፍ አንድ ስንዝር ከፍታ።
ውሃ ገደል ይዘላል፣ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤
ወደ ኋላ ሲሆን ግን አንድ ስንዝር አየር መሻገር ያቅተዋል።»
ምስማሩን ራሱ መታ። ጠማማ ነበረች። ያዘች።

ዘምዘም ሰነበተች፤ ባራተኛው ቀን ተሻላት፤
እናቷ ግን እስከ ዛሬ ውሃ የምትሰጣት
አፍልታ፣ አሽትታ፣ በፀሐይ አይታ ነው፤
የፈነዳ ቧንቧ እጠግናለሁ፤ እምነቷን በምን ቁልፍ ላጥብቀው?

ያን ለታ ቤቴ ገባሁ፤ መሽቷል፣ ደክሞኛል፤
ጓሮዬን በባትሪ ባይ፣ የልብስ ሳፋ ሞልቷል፤
አረንጓዴ ጎማ፣ የኔው፣ በደመወዜ የገዛሁት፣
ውስጡ ሰጥሞ ተኝቷል፤ ጠዋት እኔው ነኝ የተውኩት።

አልጠራሁ ማንንም። ጎማውን አወጣሁ፤
ጣቶቼን ዘርግቼ፣ በጨለማ፣ ለካሁ።